«ሁሉም የኛ ነሽ ይለኛል፤ እኔ ግን እኔ ነኝ»

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ማንበብ ያስለመደችኝ እናቴ ናት። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷም ስለሆነ ስሜ ይቅር።

26 ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከእናትና አባቴ ጋር እኖራለሁ። ዲቪ ደርሶን የመጣነው የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አባዬ ድሮ ታክሲ ነበር የሚነዳው፣ አሁን ኡበር ይሠራል። እማዬ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ናርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት ነው የምሠራው። ከደሞዜ ላይ ለቤቱ ወርሃዊ ክፍያ አዋጣለሁ።

ባለፈው ወር ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አገኘሁ። ከቤታችን በመኪና 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእማዬ የነገርኳት ቡና እያፈላች ነው። ጀበናውን አውርዳ «ምን አጎደልንብሽ?» አለችኝ። ቀጥላ «ሳታገቢ ከቤት ወጥተሽ ሰው ምን ይለናል?» አለች። አባዬ አልጮኸም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ወንድሜ ግን በ18 ዓመቱ ሪችመንድ ኮሌጅ ገብቶ፣ አሁን ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እሱን ሻንጣ ገዝተው፣ መርቀው ነው የሸኙት።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብኝ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነባር ናርስ አለች። አዲስ ሆኜ ስገባ ያሠለጠነችኝ እሷ ናት። ደም ሥራቸው አልገኝ ያለ አዛውንት ሲያጋጥሙ ክንዳቸውን በሞቀ ፎጣ ጠቅልሎ ትንሽ መታገስን ያሳየችኝ እሷ ናት። በቅርቡ «የጥቁር ሠራተኞች ስብስብ አለን፣ ለምን አትመጪም?» አለችኝ። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርን፣ ሌሎችም ነበሩ። እኔም «እኔ እኮ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ደግሞ በቆዳ ቀለም መቧደን አልወድም። እኔ እኔ ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ «መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆምሽም እንደዚህ ትይዋለሽ?» አለችኝ። አሁን ስለ በሽተኛ ካልሆነ አታናግረኝም።

የኛው ሰው ዘንድም ሰላም የለም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምንጠጣው ቡና እንኳ ተከፋፍሏል። እናትና አባቴ ከተለያየ ብሔር ናቸው። አንዲት የእማዬ ጓደኛ ሰው በተሰበሰበበት «ለመሆኑ አንቺ በአባትሽ ነው በእናትሽ የምትቆጠሪው?» አለችኝ። «እኔ እኔ ነኝ» ብዬ ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ። እማዬ አሳፈርሽኝ ብላ ተቆጣች።

አንዲት ነጭ የኮሌጅ ጓደኛዬ «ሕይወቱ ያንቺ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ» ትለኛለች። ስትለኝ ልቤ ይሞላል። ቤት ገብቼ የእማዬን ፊት ሳይ ግን ራሴን እጠላለሁ። ውሉን እስከ ወሩ መጨረሻ መፈረም አለብኝ። ሰው በአሜሪካ አገር እንኳ የራሱ መሆን አይችልም? ወይስ እኔ ነኝ ራስ ወዳድ የሆንኩት?

የራሷ መሆን የምትፈልግ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ራስ ወዳድ ነኝ ወይ ላልሽው፣ አይደለሽም። ሌሊት ሠርታ ጠዋት ለወላጆቿ ቤት የምታዋጣ ልጅ ነሽ። ይህን ጥያቄ ለጊዜው እናስቀምጠው፤ ሌላውን በደንብ እንዳታዪ እየጋረደሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። «እኔ እኔ ነኝ» ያልሽው ለሁለት ሰው ነው፤ ለባልደረባሽና ለእናትሽ ጓደኛ። ለእናትሽም ልትያቸው ጫፍ ላይ ደርሰሻል። ሦስቱን አንድ ላይ ቋጥረሽ አንድ ትልቅ ጭንቀት አድርገሻቸዋል። እኔ ግን አንድ አይመስሉኝም። አንዱ ላይ ደፋር ነበርሽ። አንዱ ላይ ሰው አስቀይመሻል። ሦስተኛው ላይ ገና ምንም አልተነጋገራችሁም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከቡናው ልጀምር። ደግ አድርገሻል። «በማን ነው የምትቆጠሪው» ለሚለው ጥያቄ የፈለግሽውን ብትመልሺ ከወላጆችሽ አንዱን መካድ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው አልቆጠርም ማለት አለበት። አገር ቤት የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር። እዚህ ማንም አይጽፍብሽም፤ በዚህ ነፃነት መጠቀምሽ ደስ ብሎኛል። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ስኒውን አስቀምጠሽ ስትወጪ እናትሽ እዚያ ብቻቸውን ቀሩ። የተቆጡት በመልስሽ ይመስልሻል ወይስ ጥለሻቸው በመውጣትሽ? በሚቀጥለው ጊዜ «የሁለቱም ልጅ ነኝ» በይና ቁጭ ብለሽ ሁለተኛውን ጠጪ። ያፈረ ካለ ጠያቂዋ ትፈር።

አሁን ወደ ባልደረባሽ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ብሔርሽን ባትጠይቅሽም ዘርሽን ትጠይቅሻለች። ከ1790 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) የሕዝብ ቆጠራዋ ዘር ሳይለይ ቆጥሮ አያውቅም። የ2020ውን ቅጽ አይተሽ ከሆነ፣ «ጥቁር» ከሚለው ሥር ለምሳሌ ተብለው ከተጻፉት መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚል አለበት፤ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ሶማሌ ከሚሉት ጋር። አንቺ ምንም ብትይ አገሩ የት እንደሚያስቀምጥሽ ወስኗል። ባልደረባሽ ስለ ፖሊሱ የጠየቀችሽ ይህንኑ ነው። ፖሊሱ በመኪናሽ መስኮት ሲያይሽ አባትሽ የት እንደተወለዱ አያውቅም።

ግን ነገሩ የፖሊስም የቅጽም ብቻ አይደለም። ያቺ ሴት የጋበዘችው አንቺን ነው። ሙያውን በእጅሽ ያስያዘችሽ፣ በአዛውንቱ ክንድ ላይ ፎጣውን የጠቀለለችልሽ ሴት «ነይ፣ ከኛ ጋር ተቀመጪ» አለችሽ። አንቺ ሰው ፊት መለስሽላት። አንቺ የተናገርሽው ስለ ራስሽ ነው። የተሰማት ግን «ካንቺ ጋር መቆጠር አልፈልግም» የሚል ነው። እንደዚያ ለማለት እንዳልፈለግሽ አምናለሁ። እስቲ ግን ራስሽን በቀስታ ጠይቂ። ለእናትሽ ጓደኛ ስትመልሺ ድፍረት ነበር፤ እዚህስ ድፍረት ነበር ወይስ ከአንድ ነገር መሸሽ? በብዙ ቤቶቻችን «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ሲባል ልጆች እየሰሙ ነው ያደጉት። ወላጆች እንዲህ የሚሉት ልጆቻቸው እንዳይናቁ ሰግተው ሊሆን ይችላል። ለሚሰማው ጥቁር አሜሪካዊ ግን ስድብ ነው።

የምትኖሪበት ከተማ ያየውን ልንገርሽ። አሌክሳንድሪያ፣ ኩዊን ጎዳና ላይ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ታውቂው ይሆናል። በ1939 እዚያ መግባት የሚችለው ነጭ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ኦገስት 21 ቀን አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ገቡ። እያንዳንዱ የአባልነት ካርድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ከዚያ እያንዳንዱ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አነሳና ለብቻው ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ፖሊስ ተጠርቶ አሰራቸው። ያቀናበረው ሳሙኤል ታከር የሚባል የዚያው ከተማ ልጅ፣ ጠበቃ ነው። በዚያን ጊዜ 26 ዓመቱ ነበር፤ ልክ ያንቺ ዕድሜ። ከተማው «ለጥቁሮች» ብሎ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ታከር የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ።

አየሽ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ነው ካርዱን የጠየቁት። በየራሳቸው ጠረጴዛ ነው የተቀመጡት። ከዚህ በላይ «እኔ እኔ ነኝ» ማለት የለም። ግን ለብቻው የሄደ ማንም አልነበረም። ያንን ጥያቄ ብቻቸውን ቢጠይቁት ኖሮ ማንም አይሰማቸውም ነበር።

አንቺ የምትሠሪበት ሙያም የዚህ ታሪክ ዕዳ አለበት። በደቡብ ያሉ ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁር በሽተኛን ወይ አይቀበሉም ነበር ወይ ለይተው ያስተኙት ነበር። ይህ የፈረሰው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጥቶ፣ በ1966 ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን ሲጀመር በዘር የሚለይ ሆስፒታል ገንዘቡን አያገኝም ስለተባለ ነው። እኛም ብንሆን በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ አሠራር በ1965 ተሻረ። ያን ዘመን ያመጣው ትግል ባይኖር የቤተሰብሽ ዲቪ የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ሰፊ አይሆንም ነበር። ዛሬ በግልሽ፣ በራስሽ ስም የምትጠቀሚባቸው ብዙ መብቶች የባልደረባሽ አያቶች በጋራ ሆነው ያስገኟቸው ናቸው። እሷ ይህን ታውቃለች። አንቺ የምታውቂ አልመሰላትም።

ኢትዮጵያዊነትሽን ጣይ የሚልሽ ደግሞ የለም። ዶክተር መላኩ በያንን ሰምተሽ ይሆን? ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1935 የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ነው። ያገባት ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወደ ጥቁሩ ሕዝብ ሄዶ ነው እርዱን ያለው። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋመ። ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር መቆሙ ኢትዮጵያዊነቱን ሲያጎድልበት አልታየም።

እሷ ሁሉ ነገር ላይ ልክ ናት፣ አንቺ ስሕተት ነሽ እያልኩሽ ግን አይደለም። ሰው በቀለሙ አይመዘን፣ በራሱ ይመዘን የሚለው እምነት በዚህ አገር የከበረ እምነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መመዘኛ እንዳያደርጉ ሲወስን ዳኞቹ የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያንም በዚህ ጉዳይ ሁሉም አንድ ሐሳብ የላቸውም። ስብስቡ ካልተመቸሽ አለመሄድ ትችያለሽ። «ስብሰባ አይሆንልኝም» ማለትና «ከናንተ አይደለሁም» ማለት ግን በጣም ይለያያሉ።

ስለዚህ ሂጂና አናግሪያት። በጽሑፍ መልእክት አታድርጊው። ከሺፍት ስትወጡ፣ ሰው በሌለበት፣ ፓርኪንግ ላይም ቢሆን ይሁን። «ያን ቀን ሰው ፊት የመለስኩልሽ ነገር አስቀይሞሻል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያስተማርሽኝን አልረሳሁም» በያት። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን እኔ ለማለት የፈለግኩት» ብለሽ አትቀጥዪ። የምትለው ይኖራታል፤ ቢመርም ስሚያት። ከታረቃችሁ በኋላ አንድ ቀን አብራችሁ የአሌክሳንድሪያን የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም እዩት። ያ በ1940 «ለጥቁሮች» ተብሎ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው አሁን ሙዚየም የሆነው። ስለ ቤተሰቧ ጠይቂያት፤ ስለ አባትሽም ንገሪያት። ወደ ስብስቡም አንዴ ሄደሽ ቁጭ ብለሽ አድምጪ። ከዚያ በኋላ ትቀጥያለሽ ወይም ትተዪዋለሽ። ያኔ ውሳኔው በእውነት ያንቺ ይሆናል።

ወደ ቤት እንግባ።

ጓደኛሽ የምትመክርሽ ወድዳሽ ነው፤ የምትመክርሽ ግን ከራሷ ቤት ተነስታ ነው። ምናልባት እሷ ስትወጣ እናቷ ዕቃ እያሸከፉ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ያንቺ እናት ጀበና አወረዱ። ደግሞ አሜሪካዊ ሁሉ ለብቻው ይኖራል ብለሽ አታስቢ። እርግጥ ነው፣ በ1940 ከመቶ ቤት 8 ያህሉ ብቻ ነበር አንድ ሰው የሚኖርበት። በ2020 ወደ 28 ደርሷል። በሌላ በኩል ፒው የተባለው የምርምር ተቋም እንዳሰላው በ2021 ከሕዝቡ 18 በመቶው እንደናንተ ትልልቅ ልጆችና ወላጆች፣ ወይም አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው በሚኖሩበት ቤት ነበር የሚኖረው። የአገሪቱ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪምም በ2023 ብቸኝነት የጤና አደጋ ሆኗል ብለው አስጠንቅቀዋል። አንቺ ይህን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሌሊት ሌሊት ስልኩ የማይጮህ፣ ጠያቂ የማይመጣለት በሽተኛ አጋጥሞሽ አያውቅም? እናትሽም የሚፈሩት ከባዶ ተነስተው አይደለም።

እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወንድምሽ በ18 ዓመቱ ወጥቷል። ሻንጣ ተገዝቶለት፣ ተመርቆ ነው የወጣው። አንቺ በ26 ዓመትሽ፣ 15 ደቂቃ ርቀት ላይ፣ በራስሽ ደሞዝ ልውጣ ስትይ ቤቱ ኀዘን ገባ። ነገሩ የአሜሪካ ግለኝነትና የሐበሻ አብሮነት ግጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንድምሽም ይከለከል ነበር። እዚህ ቤት ለወንድ የተፈቀደ ለሴት አልተፈቀደም። ይህ ልክ አይደለም። ስትናገሪው ግን ወንድምሽን እንደ መከራከሪያ አታምጪው፤ እሱን የከሰስሽ ይመስላል። ወላጆችሽ ራሳቸው እንዲያስቡት አድርጊ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። አንቺ ስትወጪ ከቤት የሚጎድለው ምንድነው? ገንዘቡን አውቀናል። የቀረውስ? በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ፖስታ ማነው የሚከፍተው? የጤና ኢንሹራንሱን ቅጽ ማነው የሚሞላው? የአባትሽን የታክስ ወረቀት፣ የእናትሽን የሐኪም ቀጠሮ ማነው የሚከታተለው? በስደተኛ ቤት ብዙ ጊዜ ትልቋ ልጅ አስተርጓሚም ጸሐፊም ሹፌርም ናት፤ ማንም ሾሟት አያውቅም፤ ማንም አመስግኗት አያውቅም። እናትሽ «ሰው ምን ይለናል» ሲሉ እንዲህ ያለ ፍርሃትም ከሥሩ ይኖር ይሆን? የሰው አፍ ለመናገር ይቀላል። «አንቺ ከሌለሽ እንዴት ልሆን ነው» ማለት ለእናት ይከብዳል።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ውጪ። 26 ዓመት ሞልቶሽ፣ ሌሊት ሠርተሽ ጠዋት የምትተኚበት ጸጥ ያለ ቤት መፈለግ ጥፋት የለበትም። ሳታገቢ ለብቻሽ መኖርን መሞከርም ነውር አይደለም። ምናልባት ከወጣሽ በኋላ ከእናትሽ ጋር የተሻለ ትነጋገሪ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ። ግን «ሕይወቱ የኔ ነው» ብለሽ በሩን ዘግተሽ አትውጪ። ተነጋግረሽ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ለይተሽ ውጪ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሪ። ስምሽ የቤቱ ብድር ላይ አለ ወይስ እንዲያው ነው የምታዋጪው? ስምሽ ካለበት ብትወጪም ዕዳው ከክሬዲትሽ ላይ አይወርድም፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂ። ብዙ አከራዮች ገቢሽ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትን ብታሟዪ እንኳ፣ ለወላጆችሽ የምትሰጪውን ቀንሰሽ የቀረው ለኪራይ፣ ለመብራትና ለመኪና ይበቃሻል? ካልበቃሽ ይህን አፓርታማ ተዪውና ጥቂት ወራት አጠራቅሚ። ያንቺ ድርሻ ሲቀር ወላጆችሽ ቤቱን መክፈል የማይችሉ ከሆነም ይህ ከመፈረምሽ በፊት የሚወራ ነገር ነው። ወንድምሽም ምን ያህል ሊያዋጣ እንደሚችል አሁኑኑ ጠይቂው።

ከዚያ አባትሽን አናግሪ። ከእናትሽ በፊት እሳቸውን ያልኩሽ ምክንያት አለኝ። ዝም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ዝምታ ደግሞ ሲያድር ይደነድናል። ኡበር ሲሠሩ ማለዳ የሚወጡ ከሆነ ከሺፍት ስትመለሺ ያዣቸው። ከፊት ወንበር ተቀመጪ፤ መኪና ውስጥ ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሲያወራ ይቀለዋል። በመጀመሪያ ስለ አፓርታማው አታንሺ። «አባዬ፣ አንተ ከአያቴ ቤት ስትወጣ ስንት ዓመትህ ነበር? ምን አሉህ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አባትሽ እንዴት እንደወጡ አላውቅም። ግን ቤተሰባቸውን ይዘው ውቅያኖስ የተሻገሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም በአንድ ወቅት አንዲት እናት አስለቅሰው መጥተዋል። ይህን እሳቸው ያውሩት፤ አንቺ አትጥቀሺባቸው። እሳቸው የተረቱት ብቻውን ስለሚበላ ሰው ነው። አንቺ ከደሞዝሽ እያካፈልሽ የምትኖሪ ልጅ እንደሆንሽ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ግን ከአፍሽ ይስሙት። በወር ይህን ያህል መስጠቴን እቀጥላለሁ ብለሽ ቁጥሩን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው። የማትችዪውን ቁጥር ግን አትጥሪ።

ለእናትሽ ደግሞ የሚሠራው ቃል ሳይሆን ነገር ነው። የቤትሽን ቁልፍ ቀድመሽ ስጫቸው። ዕቃውን አብራችሁ ግዙ፤ ድስቱን እሳቸው ይምረጡ። ፖስታውን በሳምንት አንድ ቀን መጥተሽ እንደምትከፍቺ ቀኑን ቁረጪላቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ቡናም አትተዪ። ወላጆችሽ ዕድር ካላቸው በራስሽ ስም ግቢ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ያላገባች ሴት ልጅ በአባቷ ስም ሥር ቆማ ሳይሆን ራሷ ተመዝግባ፣ ራሷ ከፍላ፣ ለቅሶ ቤት ራሷ ስትገኝ ሰው «ከቤት ወጣች» ብሎ የሚያወራው ወሬ ያጥርበታል። እናትሽም ለሚጠይቃቸው ሰው የሚመልሱት ያገኛሉ። ጉዳዩ ከጠነከረ እናትሽ የሚሰሟትን አክስት ወይም የንስሐ አባታችሁን መሃል ማስገባት ትችያለሽ። ግን ቀድመሽ ራስሽ ሳታናግሪ ሽማግሌ አትላኪ፤ ያስቀይማቸዋል።

እናትሽ ይህን ሁሉ አድርገሽም ለጥቂት ጊዜ ሊያኮርፉ ይችላሉ። ኩርፊያቸውን ጥፋተኛ ለመሆንሽ ማስረጃ አታድርጊው። ደውዪ፣ ሂጂ፣ አብረሽ ብዪ። ጊዜ ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉን ልንገርሽና ልብቃ። በመጀመሪያ ባልደረባሽን፤ እሱ 10 ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ብዙ አቆይተሽዋል። በዚህ ሳምንት አባትሽን። በሚቀጥለው እናትሽን። ወሩ ከዚያ በፊት ካለቀ ለአከራዩ ደውለሽ አንድ ሳምንት እንዲጨምርልሽ ጠይቂ። እምቢ ካለሽ አፓርታማው ይለፍሽ፤ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት በየወሩ ይወጣል።